አጥርዎን ለመስቀል ሳይሆን ለጥምቀት ያስተካክሉ
የግቢና የአትክልት ጥያቄዎች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው ለዚህ ወር አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ ወፍ ጎጆ የሠራችበትን አጥር ወይም ቁጥቋጦ እንዴትና መቼ መከርከም እንደሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ግቢያችንን ከመንገዱ የሚለየው ባለቤቴ ከሃያ ዓመት በፊት የተከለው የፈረንጅ ጽድ አጥር ነው። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ እናስከረክመዋለን። ዘንድሮ ክረምቱ በመበርታቱ ቅርንጫፉ ኮብልስቶኑ ላይ ወጥቶ መንገደኛ ያስቸግራል፤ ጎረቤትም ተናግሯል። የቀን ሠራተኛ ጠርቼ መቀሱን ሊያነሣ ሲል ከአጥሩ ውስጥ ወፎች ግር ብለው ሲወጡ አየሁና ሥራውን አስቆምኩት። ጀርመን አገር ለምትኖረው ልጄ ይህን በስልክ ሳጫውታት፣ እዚያ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መስከረም አጥር መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው፣ እናንተም እንደዚያ አድርጉ አለችኝ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ አለ ወይ? የልጄን ምክር ብከተልስ አጥሩ አይበላሽብኝም?

መልስ፦ ልጅዎ የነገረችዎ እውነት ነው፤ ለደሴ ግን አይሆንም። የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ማለትም በእኛ ከየካቲት 22 እስከ መስከረም 20 ድረስ፣ አጥርን ከሥሩ መቁረጥንም ሆነ በኃይል መመልመልን ይከለክላል። በእነዚሁ ወራት ግን የዓመቱን ለጋ እድገት ብቻ እያነሡ ቅርጽ ማስያዝን ይፈቅዳል፤ ይህን ልጅዎ አልነገረችዎትም። እንግሊዝ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ሕጓ ወር ከመቁጠር ይልቅ ጎጆውን ራሱን ስለሚጠብቅ፣ ወፍ እየሠራችው ያለውን ወይም እየተጠቀመችበት ያለውን ጎጆ ሆነ ብሎ ማፍረስ በየትኛውም ወር ቢሆን ወንጀል ነው። ከሁለቱ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል። በሀገራችን በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወፎችንም የሚመለከት ቢሆንም፣ የመኖሪያ ግቢ አጥር በየትኛው ወር ይከርከም የሚለውን ከእንዲህ ያለ አዋጅ መጠበቅ አይቻልም። ያ የባለቤቱ ሥራ ነው።

የጀርመኑ ቀን እዚህ የማይሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። የአውሮፓ ወፍ ጎጆ መሥራት የምትጀምረው ብርዱ ሲለቅና ቀኑ ሲረዝም ነው። ደሴ ላይ ግን በሰኔ ረጅሙ ቀንና በታኅሣሥ አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ስለዚህ የእኛዎቹን ከሁሉ ይልቅ የሚያነሣሣቸው ዝናብ ነው። ዝናብ ሲጥል ትሉና አባጨጓሬው ይበዛል፣ ሣሩ ፍሬ ይይዛል፣ ለጎጆ የሚሆነው ለስላሳ ሣርና የሸረሪት ድርም በየጥጉ ይገኛል። ደቡብ ወሎ ደግሞ ሁለት ዝናብ ያያል፤ አንዱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚዘንበው በልግ ሲሆን ሌላው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምት ነው። የበልግ ገበሬ ሁለት ጊዜ እንደሚዘራ ሁሉ፣ በግቢያችን ካሉት ወፎች ብዙዎቹ በሁለቱም ዝናብ ሊፈለፍሉ ይችላሉ። የጀርመኑን ቀን እንዳለ ብንወስደው በልጉንና ክረምቱን ይሸፍንልንና ልክ መስከረም 20 ላይ ይለቀናል፤ ጫጩት ገና ከጎጆ ባልወጣበት ሰዓት ማለት ነው።

የመስቀል ክርከማችን ጥፋትም ይኸው ነው። አጥሩ በክረምቱ ዝናብ አብጦ የሚያስቀይመን በመስከረም ነው፤ ዓመት በዓሉም ግቢ አሳምሩ ይላል፤ ወፏም በዚያው ሰሞን ጫጩቶቿን እየመገበች ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ በመስከረም አጋማሽ የቤቴን አጥር አስከርክሜ፣ ቅርንጫፉ በር ላይ ተከምሮ ካደረ በኋላ ሊጫን ሲል ከክምሩ ሥር ሁለት ላባ ያላወጡ ጫጩቶች ጉንዳን ወርሯቸው አገኘሁ። እናትየው ከጣሪያው ክዳን ጫፍ ላይ ቆማ ምንቃሯ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ትል ይዛ ነበር፤ አልበላችውም፣ አልጣለችውምም። ሠራተኛውን ልቆጣ ብዬ ነበር፤ መለስ ብዬ ሳስበው ግን በቁርጥ ዋጋ አዋውዬ ቶሎ ጨርስ ያልኩት እኔ ነኝ። በቁርጥ የሚሠራ ሰው ቅርንጫፍ ገልጦ የሚያይበት ጊዜ የለውም። ከዚያ ወዲህ አጥር የማስከረክመው በቀን ሒሳብ ነው፤ እርስዎም እንዲሁ ቢያደርጉ እመክራለሁ።

ስለዚህ ለዋናው ክርከማ የምመክርዎ ጊዜ ታኅሣሥና የጥር መጀመሪያ ነው፤ አጥርዎን ለመስቀል ከማድረስ ይልቅ ለጥምቀት ያድርሱት። በዚህ ጊዜ ክረምቱ አልፎ በልጉ ገና ስላልገባ የትንንሾቹ ወፎች ጎጆ ይቀንሳል። እንደ ቦሩ ሜዳ ውርጭ በሚጥልበት ስፍራ ያሉ አንባቢዎች ግን ለጋው ቀንበጥ እንዳይቃጠልባቸው ውርጩ እስኪለቅ ጥቂት ቢታገሡ ይሻላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የዱር ርግብ፣ ብዙዎቻችን ዋኖስ የምንላት፣ በልግና በጋ አትለይም፤ በደረቁም ወር ልትታቀፍ ትችላለች። ወሩ ደኅና ነው ብሎ ሳያዩ መቁረጥ ስለዚህ አይቻልም።

ማየት ማለት ደግሞ አጥሩን መነቅነቅ አይደለም። መቀስ ከመነሣቱ አንድ ቀን ቀደም ብለው ጠዋት አጥሩን ፊት ለፊት ከሚያሳይ ስፍራ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ። ቡና ከተፈላ ደግሞ ጥሩ፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ይበቃል። አንዲት ወፍ ወደ አንድ ቦታ ደጋግማ ስትገባ፣ በተለይም ምንቃሯ ውስጥ ሣር ወይም ትል ይዛ ስትገባና ባዶዋን ስትወጣ ካዩ፣ ጎጆው እዚያ ነው። ሣር ከሆነ የያዘችው ገና እየሠራች ነው፤ ትል ከሆነ ግን ጫጩት አለ። ከአጥሩ ሥር በአንድ ቦታ የተጠራቀመ ነጭ ኩስም ያው ምልክት ነው። ምንም ካላዩ በኋላ ብቻ ቅርንጫፉን በእጅ እየገለጡ ይመልከቱ፤ የምታቀፍ ወፍ ዝም ብላ ስለምትቀመጥ ከሩቅ ላትታይ ትችላለች።

የዋኖስ ጎጆ ጎጆ ለመባል የማይበቃ ነው፤ እፍኝ የማይሞላ ጭራሮ ተነባብሮ የተሠራ ስለሆነ ከሥር ቀና ብለው ሲያዩት ሁለቱ ነጫጭ እንቁላሎች በጭራሮው መካከል ብልጭ ይላሉ። ስለዚህ ቆሻሻ ነው ብሎ የሚጠርገው ሰው ብዙ ነው። ከአጥርዎ ግር ብለው የወጡት ግን ዋኖስ ሳይሆኑ፣ ግራጫማ ቡናማ መልክ ያላቸው፣ ቁንጮ ያላቸውና ጅራታቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም፣ በጽድ ውስጥ እንደ አይጥ የሚሹለከለኩት ወፎች ሳይሆኑ አይቀሩም። በቡድን ይኖራሉ፣ በቡድንም ያድራሉ። ጎመንና ፍራፍሬ ስለሚቆነጥሩ ብዙ ሰው አይወዳቸውም፤ ግር ብለው መውጣታቸው ብቻውን ግን ጎጆ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ማደሪያቸው ብቻ ሊሆንም ይችላል። ይህን የሚለየው ያው የጠዋቱ ወንበር ነው።

ጎጆ ቢገኝስ? ቀኑን ቆጥሮ መታገሥ ነው። ዋኖስ ሁለት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹም ለመብረር ሌላ ሁለት ሳምንት ወይም ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጅባቸዋል። የአብዛኞቹ ትንንሽ ወፎችም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ወር፣ ቢረዝም አምስት ሳምንት ነው ማለት ነው። ይህም ቢሆን አጥሩ በሙሉ ይቁም ማለት አይደለም። ጎጆው ካለበት ግራና ቀኝ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሜትር፣ እንዲሁም ከላዩ ያለውን ጥላ ሳይነኩ ትተው ቀሪውን ማስተካከል ይችላሉ። ጎጆው እንዲታይ አድርጎ ዙሪያውን መላጨት ጎጆውን ከመቁረጥ እምብዛም አይሻልም፤ ቁራና ጭላት ወዲያው ያዩታል፤ የቀትር ፀሐይም ጫጩቱን ይፈጀዋል። ጎጆውን አንሥቶ ሌላ ዛፍ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ደግ ሥራ ቢመስልም እናትየው የምትመለሰው ወደ ቦታው እንጂ ወደ ጎጆው ስላልሆነ ጫጩቶቹ በረኀብ ያልቃሉ። የመንገደኛውን ነገር በተመለከተ ኮብልስቶኑ ላይ የወጣውን ጫፍ ብቻ ከመንገዱ በኩል በእጅ መቀስ ያስነሡ፤ በሞተር የሚሠራው መቁረጫ ለዚህ አይሆንም፤ ጩኸቱም መንቀጥቀጡም ወፏን ከእንቁላሏ ያስነሣታል።

አጥሩ አይበላሽም ወይ ላሉት፦ በአንድ ወር መዘግየት አይበላሽም፣ በሁለት ዓመት መዘግየት ግን ይበላሻል። የፈረንጅ ጽድ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ቅርንጫፉን ገልጠው ቢያዩ አረንጓዴው ቅጠል ከላይ ያለው ጥቂት ስንዝር ብቻ ነው፤ ውስጡ ቡናማና ደረቅ እንጨት ነው። መቀሱ ወደዚያ ቡናማ እንጨት ከገባ ያ ቦታ ቅጠል አያወጣም፤ አጥሩ ለዘለቄታው ቀዳዳ ይኖረዋል። ብዙ አጥሮች የተቦዳደሱት በዚህ የተነሣ ነው፤ ባለቤቱ ሦስት ዓመት ይተወውና በአንድ ቀን በገጀራ ሊያስተካክለው ይሞክራል። የእርስዎ በየዓመቱ የተከረከመ ስለሆነ ከመስከረም ወደ ታኅሣሥ ቢዛወር የሚነሣው ለጋው እድገት ብቻ ነውና አያሳስብዎ።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከበራችን በላይ በተዘረጋው ቡጋንቪላ ላይ ቢጫ ወፎች ጎጆ አንጠልጥለዋል፤ ስቆጥር አሥራ አንድ ደርሰዋል። የልጄ ኒካህ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለውም እዚያው በሩ ላይ ነው። ወንዶቹ ቡጋንቪላው ይቆረጥ ይላሉ፤ እናቴ ደግሞ በሠርግ ቤት ወፍ ማፈናቀል ደግ አይደለም ትላለች። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ወዓለይኩሙ ሰላም፤ አላህ ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ። ወንዶቹን በመጀመሪያ የማሳምናቸው በወፎቹ ሳይሆን በቡጋንቪላው ነው። ቡጋንቪላ የሚያብበው በአዲሱ እድገት ጫፍ ላይ ስለሆነ ዛሬ ቢቆረጥ ሦስት ሳምንት ዳግም ለማበብ አይበቃውም፤ ሙሽራዋ የምታልፍበት በር እሾህና ጉቶ ብቻ ይሆናል። ለሠርግ ብሎ የሠርጉን ጌጥ መቁረጥ እንዳይሆንባችሁ።

ወፎቹን በተመለከተ አሥራ አንዱም ጎጆ እንቁላል አለበት ማለት አይደለም። እነዚህ ሣር እየሰነጠቁ እንደ ቅርጫት የሚጠልፉ ወፎች ሲሆኑ፣ ሠሪው ወንዱ ነው። ጎጆውን ጨርሶ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል፤ ገብታ አይታ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች። ሣሩ ደርቆ መልኩ ሲጠፋም ወንዱ ራሱ አፍርሶት እንደገና የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአንድ ዛፍ ላይ ከተንጠለጠሉት መካከል አንዳንዶቹ ባዶ ናቸው። እርስዎ መከታተል ያለብዎ ሴቷን ነው፤ መልኳ ከወንዱ ደብዘዝ ያለ ነው። በሥሩ ባለው ቀዳዳ እየገባች ቆይታ የምትወጣበት ጎጆ ተይዟል። ወንዱ ብቻ የሚጮህበት አልተያዘም።

የተያዘውን ለማስለቀቅ ሦስት ሳምንት አይበቃም፤ እንቁላል ዛሬ የተጣለ ከሆነ ጫጩቱ የሚበርረው ከአንድ ወር በኋላ ነው። እንግዲህ የድንኳኑን ምሰሶ ከቡጋንቪላው ሁለትና ሦስት እርምጃ ወደ ግቢው ማስገባት ይቀላል። የበር ወፍ የሰው ድምፅ የለመደ ስለሆነ ዘፈኑና እልልታው ብዙም አያሳስብም፤ የሚያሳስበው መብራት ነው። አምፖል በቅርንጫፉ ላይ አይስቀሉ፤ ሌሊቱን ሲበራ ያደረ አምፖል አጠገብ ያለች ወፍ ዕረፍት አታገኝም፣ ለጉጉትም ትታያለች። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ሐረጎን ወርደው ሲገቡ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ጫጩት ከደሴው የበለጠ ጥላ ይፈልጋልና ከጎጆዎቹ በላይ ያለውን ቅጠል አያስነኩ።

እነዚህ ወፎች ማሽላ ይበላሉ ብለው የሚቆጡ ጎረቤቶች እንደማይጠፉ አውቃለሁ፤ ማሽላ መብላታቸውም እውነት ነው። ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት ግን በአብዛኛው በነፍሳት ነው፤ ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ከግቢዎ የሚለቅሙት አባጨጓሬና ፌንጣ ነው። በእናትዎ አባባል ላይ የምጨምረው የለኝም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ደሴ አራዳ ነው የምኖረው። ጎረቤታችን አጥር ሲቆርጡ አንድ የወፍ ጫጩት ወደቀ። አያቴ ሰው የነካውን እናቱ አትቀበለውም ስላለችኝ ቤት አስገብቼ በወተት የራሰ ዳቦ አበላሁት። በማግስቱ ሞተ። ጥፋቴ ምን ነበር?

መልስ፦ ጎበዝ ልጄ፣ ያደረግኸው በቅን ልቡና ስለሆነ ራስህን አትውቀስ። አያትህ የነገሩህን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ወፎች ጫጩታቸውን የሚያውቁት በማሽተት አይደለም፤ ሰው ነካው ብለው አይጥሉትም። ወፍን ከጎጆዋ የሚያስኮበልላት እንቁላል ላይ ሳለች ተደጋግሞ የሚደርስባት ረብሻ ነው። ወተት ለወፍ አይሆንም፤ ወፍ የሚያጠባ እንስሳ አይደለምና ሆዷ ወተትን አይፈጭም። ውኃም ቢሆን በአፉ ማንቆርቆር ወደ ሳንባው ይገባና ያንቀዋል።

ሌላ ጊዜ ብታገኝ በመጀመሪያ ላባውን እይ። ራቁቱን ከሆነ ወይም ላባው ገና እንደ እሾህ ብቅ ብቅ ያለ ከሆነ ጎጆው እዚያው ስለሚኖር ቀስ ብለህ መልሰው። ጎጆው ከነቅርንጫፉ ተቆርጦ ከሆነ ያንኑ ቅርንጫፍ ከነበረበት ቦታ አጠገብ፣ ጥላ ባለበት፣ ድመት በማይደርስበት ከፍታ በገመድ እሰረውና ራቅ ብለህ ተመልከት፤ ወላጆቹ ድምፁን ሰምተው ሊመጡ ይችላሉ። ላባው ሞልቶ ጅራቱ ያጠረ፣ መሬት ላይ የሚዘልል ከሆነ ግን አልወደቀም፤ መብረር እየተማረ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ አስገባውና ተወው፣ ድመቷን ቤት ዝጋባት። እጅህን በሳሙና መታጠብ አትርሳ።

ጥያቄ፦ በአጥራችን ውስጥ የቀሩትን አሮጌ ጎጆዎች ማንሣት ይቻላል? ጎጆ ካለ እባብ ይመጣል ይባላል። ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ በታኅሣሥ ወይም በጥር ማንሣት ይቻላል። እባብ የሚመጣው እንቁላልና ጫጩት ሲኖር እንጂ ለደረቅ ሣር አይደለም፤ ይልቅስ የሚስበው ከአጥሩ ሥር የተከመረው ቅርንጫፍ፣ ድንጋይና የአይጥ ጉድጓድ ነው፤ መጽዳት ያለበትም እሱ ነው። ካላስቸገረዎ ግን አሮጌውን ጎጆ ይተዉት። በበልጉ መግቢያ ሌሎች ወፎች ሣሩንና ላባውን እየመዘዙ ለራሳቸው ይወስዱታል፤ ትንንሾቹ ወፎችም በብርድ ሌሊት ገብተው የሚያድሩበት ጊዜ አለ።